ፈተና ያላለፈው ልጅና የወላጆች ምክር

ልጅን ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ያምን የነበረ ወላጅ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐሳቡን ለመለወጥ ተገዷል። በሆሳዕናና በዱራሜ፥ በሾኔና በዶዮገና ወላጆች በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ ሲገናኙ የሚመካከሩት ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ብቻ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ እቤት ስለ ተቀመጠው ልጃቸውም ነው። ይህ ምክር ወዴት እንደሚያደርስ መመርመር ይገባል እንላለን።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። ብሔራዊው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ፈተና 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ከቀሩት መካከል ከፊሎቹ በሪሜዲያል ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፥ ብዙው ወጣት ወደ አባቱ ቤት መመለሱ አልቀረም።

ለዚህ ልጅ የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር «ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከው» የሚል ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ እየወጡ ወደዚያ የሄዱ ወጣቶች በላኩት ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፥ ታናናሾች ተምረዋል። ወላጅም የሚያየው በጎረቤቱ ግቢ የቆመውን አዲስ ቤት ነው፤ በመንገድ የቀረውን ልጅ ግን ማንም አያሳየውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በምትባለው አውራጃ፥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው ተባለ። በሬውን ሽጦ ልጁን የሚሸኝ አባት ይህንንም ከሒሳቡ ሊያገባው ይገባል።

ሁለተኛው ምክር «አስጠኚ ቅጠርለትና በግል ይፈተን» ይላል። ይህ በጎ ነው፤ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘብ የሌለው ወላጅ ራሱ ለማስጠናት ቢነሣ የቋንቋ ግድግዳ ይገጥመዋል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በሐዲይሳ ወይም በከምባትኛ ከተማሩ በኋላ፥ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ፊደል የቆጠረው አባት እንኳ የልጁን የፊዚክስ መጽሐፍ ገልጦ ምንም ሊረዳው አልቻለም።

ሦስተኛው ምክር «በሥራ ያዘው» የሚለው ነው። እንሰት መትከልና መፋቅ፥ ከብት ማርባት፥ ሱቅ መጠበቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ለመውደቁ ቅጣት ሆኖ ከተሰጠው ልጁ ሥራውንም ትምህርቱንም ይጠላል። በተለይ ሴት ልጅ እቤት ስትቀር ውኃውና ወጡ፥ ሕፃን ማዘሉም በሷ ላይ ይወድቃል፤ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ሰዓት አታገኝም።

በአሜሪካ ልጅን እቤት ማስተማር በሃምሳውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ወላጆችም ማኅበር መሥርተው መጻሕፍትና መምህራን ይጋራሉ። የእኛ ወላጅ ግን እቤት ማስተማርን ወዶ አልመረጠውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች እቤት ዋሉ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ ሆኖም መብራትና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የሌለው ልጅ ድምፁን ከመስማት አላለፈም። ከዚህ የምንማረው፥ እቤት ያለ ልጅ ከመሣሪያው ይልቅ የሚከታተለው ሰው እንደሚያስፈልገው ነው።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ ወላጅ እንግሊዝኛ ባያውቅም ማታ ማታ «ዛሬ ያነበብኸውን በቋንቋችን አስረዳኝ» ብሎ ይጠይቅ። በሐዲይሳ ወይም በከምባትኛ ማስረዳት ያቃተው ልጅ ትምህርቱን በቃሉ አጠና እንጂ አልገባውም ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ለለቅሶ ድንኳን የሚገዛው ዕድር ሥራ ያላገኘ አንድ ምሩቅ ቀጥሮ የመንደሩን ልጆች በአንድነት ሊያስጠና ይችላል። ለአንድ ቤት የሚከብደው ደመወዝ ለሠላሳ ቤት አይከብድም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር መባሉም ለዚህ ነው። ሦስተኛ፥ ለሴት ልጅ የጥናት ሰዓት ወስኖ ሥራውን ከወንድሞቿ ጋር ማካፈል የአባት ግዴታ ይሁን።

የቀረው የእኛ የወጣቶቹ ድርሻ ነው። በሆሳዕናም በዱራሜም የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትም ትናንት የተመረቀ ወጣት ሹም ተቀምጧል። ተማሪው የዕረፍት ጊዜውን፥ ሹሙም የአዳራሹን ቁልፍ ቢሰጥ፥ በጀት ሳይጠበቅ ጥናቱ በሚመጣው ቅዳሜ ሊጀመር ይችላል። ወላጆች ልጃቸውን የሚልኩት ስለማይወዱት ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልታያቸው ነው። ሌላውን መንገድ ማሳየት የተማርን ሁሉ ዕዳ ነው።