ለልጆች መንገድ ጭብጦ ይታሰብ
ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ ብስኩትና ለስላሳ ይሸምታል፤ ሞጆ ሳይደረስ ብስኩቱ መቀመጫው ላይ ይፈረፈራል፣ ለስላሳውም ይደፋል። ጭብጦን የሚያህል የመንገድ ስንቅ ግን የለም። በሶው በውሃና በቁንጥር ጨው ጠበቅ ተደርጎ ይታሽና በልጁ መዳፍ ልክ ይጨበጣል፤ አይፈስም፣ ሆድም ይይዛል። (ማር የሚጨምሩበት አሉ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።) ሙዝም ልጣጩ መጠቅለያው ስለሆነ ይመቻል። ቆሎና ለውዝ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሕፃናት ሐኪሞች 4 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ለውዝን የመሰለ ጠጣር ፍሬ እንዳይሰጥ የሚመክሩት ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ነው። መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ወላጅም ዓይኑ መንገዱ ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል። ለትንንሾቹ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ ድንች ቆራርጣችሁ ያዙላቸው፤ መጠጣቸውም ውሃ ይሁን።