ጦሩ የንጉሡ፣ ደሙ የያሬድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሄደ ሰው ኮሶዬን ያውቃታል። መኪናው ቆም ሲል ሁሉም ስልኩን ያወጣና ገደሉን፣ ቆላውን፣ ማዶ የተደረደሩትን የስሜን ተራሮች ፎቶ ያነሳል። እኛም አንስተናል፤ አንዋሽም። እዚያ ቆመን ትዝ ያለን ግን ሌላ ሥዕል ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየው የቅዱስ ያሬድ ሥዕል።

መቼም ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ያዜማል። ንጉሡ ገብረ መስቀል ፊት ለፊቱ ቆሟል። የንጉሡ ጦር ያሬድ እግር ላይ ተተክሏል፤ ደም ይፈሳል። ሁለቱም አላወቁም!

ታሪኩ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ገድሉ የተጻፈው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ሐሳብ ብናነበው ይሻላል። የተለመደው ትርጉም “ዜማ ሕመም ያስረሳል” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሁለቱም እኩል ተመስጠዋል፤ የደማው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጦር የያዘ ሰው ቢመሰጥም እሱን የሚያመው ነገር የለም።

ሌላም አለ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ክፉውን ሰው በጎን አዙረው በአንድ ዓይን፣ ደጉን በሁለት ዓይን ይስላሉ። እኛ ባየናቸው ሥዕሎች ላይ ንጉሡ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ አይደለም ማለት ነው። ዜማውን ከልቡ ይወዳል፤ እየወደደም ይወጋል። እኛን ያስፈራን ይሄ ነው። ጠላት ሲወጋን እንጮሃለን፤ አድናቂያችን ሲወጋን ግን ማዜማችንን እንቀጥላለን።

ሥዕሉ ላይ የሌለው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ካሳህን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም። እንዳይከለክለው አስምሎ፣ አሰናብተኝ አለው። ንጉሡ አዘነ፤ ግን ምሏልና ለቀቀው። ያሬድም አክሱምን ትቶ ወደ ስሜን መጣ። ትውፊቱ እንደሚለው የቀረ ዘመኑን የፈጸመው እዚሁ ነው። ከኮሶዬ ማዶ የምናየው ተራራ እንግዲህ ያሬድ በደሙ ካሳ የጠየቀው አገር ነው።

“ቤተ መንግሥቱ ባይደግፈው ዜማው የት ይደርስ ነበር?” የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ ያሬድም ንጉሡን አልሰደበም፣ አልረገመም። እግሩን ከጦሩ አራቀ፤ በቃ። ዜማውም አብሮት አልሞተም፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዛሬም ይዜማሉ።

ይሄ ነገር ብዕርና ማይክ ለያዝነው ለእኛ ይመስለናል። ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ጽሑፋችንን ሲወድልን፣ ጠጋ ብሎ ሲያጨበጭብልን ደስ ይለናል። ያኔ ነው ጎንበስ ብሎ እግርን ማየት!

ግንቦት 11 የያሬድ በዓል ነው። በዚያ ቀን ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ እግሩን እዩልን።

ቸር እንሰንብት!