«ክፍለ ሀገር እንልካለን» ሲባል ጋይንትና ስማዳ ድረስ ነው? የኦንላይን ዕቃ የት ይቀመጥ፣ ማን ይያዘው?

ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገጽ ስትከፍቱ አንድ የማይጠፋ መስመር አለ፦ «አዲስ አበባ ፍሪ ዴሊቨሪ፣ ክፍለ ሀገር ላላችሁ በመኪና እንልካለን»። ቀላል ነገር ትመስላለች። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሆኖ ጫማ ያዘዘ ሰው ግን በዚህች መስመር ውስጥ ስንት ጣጣ እንዳለ ያውቀዋል። ዕቃው መናኸሪያ ይሄዳል፣ ለረዳት ይሰጣል፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ላይ መኪና ይቀይራል፣ ከዚያ «ደርሷል፣ ና ውሰድ» የሚል ስልክ ይጠበቃል። ስልኩ ካልተደወለስ? ሻጩ «ልኬያለሁ» ይላል፣ ረዳቱ «አስረክቤያለሁ» ይላል፣ ብሩ ግን ቀድሞ በቴሌብር ገብቷል።

እንዲህ ሲሆን ሁላችንም የምንነጋገረው ስለ ሻጩ ታማኝነት ነው። እኛ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፦ ዕቃው ሳይታዘዝ በፊት የት ነበር የተቀመጠው? ከሻጩ እጅ ከወጣ በኋላስ ኃላፊው ማነው?

ክፍያው ቀደመ፣ ዕቃው ቀረ

የክፍያው መንገድ ቶሎ ተስተካክሏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጣ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። አየር መንገዱም ቦሌ ላይ የኢ-ኮሜርስ ሎጂስቲክስ ማዕከል ገንብቷል። ዛሬ ወገዳ ያለ ወጣት መርካቶ ላለ ነጋዴ በሰከንድ ብር ይልካል። ዕቃው ግን አሁንም በረዳት እጅ ነው የሚጓዘው።

ሌላው ዓለም ይህን ክፍተት የሞላው በመጋዘን ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሻጩ ዕቃውን ቀድሞ ወደ መጋዘኑ ያስገባል፤ ኦርደር ሲመጣ ማሸጉን፣ መላኩን፣ የተመለሰ ዕቃ መቀበሉን መጋዘኑ ይሠራል። ይሄ ነው «ፉልፊልመንት» የሚባለው። ጁሚያ በናይጄሪያና በኬንያ ትንንሽ ከተሞች ላይ ደግሞ ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ገዢው ራሱ መጥቶ የሚወስድበት ጣቢያ ከፍቷል። ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ይሄ ሁለተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።

«ቅርብ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው መጋዘን ሲመርጥ ካርታ ያያል። በእኛ አገር ካርታ ያታልላል። ስማዳን ካርታ ላይ ብታዩት ወሎ አጠገቡ ነው፤ በመሃል ግን የበሽሎ ሸለቆ አለ። ይህ መሬት ለጭነት ሲያስቸግር የኖረ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስቆረጡ ወደ ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ስለዚህ ቅርበት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን መኪና አለ? ክረምት ላይ መንገዱ ያስገባል? ዕቃው ስንት ጊዜ እጅ ይቀይራል?

በዚህ ሚዛን አራቱን ቦታዎች እንያቸው።

ወረታ፦ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድና በቻይናውያን የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደብም አላት። ደረቅ ወደብ ግን ለኮንቴይነር ነው፤ ሠላሳ ጫማ ይዞ ለሚሸጥ ልጅ ብዙም አይረዳውም። ከዚያ ወደ ነፋስ መውጫ ገና ከ100 ኪ.ሜ. በላይ ይቀራል።

ደብረ ታቦር፦ ከባሕር ዳር 100 ኪ.ሜ. ገደማ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ስለሆነች ባንክም፣ ፍርድ ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ብቻውን ቋሚ ገዢ ነው። ለጋይንትም ለእስቴም የምትሆን መካከለኛ ቦታ ናት።

ነፋስ መውጫ፦ ከባሕር ዳር 175 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ ዋናው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። በወልድያ በኩል የሚመጣ ጭነትም በጨጨሆ አድርጎ ይደርሳታል። በሁለት አቅጣጫ ዕቃ የምታስገባ ከተማ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ አማራጭ አላት።

አርብ ገበያና ወገዳ፦ ሁለቱም ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ተገንጥለው የሚገኙ ናቸው። እዚህ ስቶክ ማከማቸት ሳይሆን ማስረከቢያ ቦታ ማዘጋጀት ነው የሚያዋጣው።

እስቴ ለብቻው ይታይ። በሐሙሲት በኩል ከባሕር ዳር የሚገባ መንገድ ስላለው ለመካነ ኢየሱስ ገዢ ዕቃው ደብረ ታቦር ሳይደርስ ቢመጣለት ሊቀልለው ይችላል። «ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር» ብሎ ሁሉንም በአንድ መጋዘን ማጠቃለል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

እስኪ እናስላው

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። አንዲት ሻጭ ከአዲስ አበባ ነፋስ መውጫ አንድ ጥንድ ጫማ ለብቻው ስትልክ 200 ብር ትከፍላለች እንበል። 50 ጥንድ በማዳበሪያ ጠቅላ ስትልክ ደግሞ 3,000 ብር፣ ማለትም ለአንዱ 60 ብር። ነፋስ መውጫ ላይ ዕቃውን የሚይዘው ሰው በሸጠችው በእያንዳንዱ ጥንድ 50 ብር ይወስዳል። ያልተሸጠውን ለመመለስም ለአንዱ 60 ብር ያስወጣታል።

40 ከተሸጠ፣ የአንዱ ወጪ 140 ብር ይመጣል። ይሄ ጥሩ ነው። 20 ብቻ ከተሸጠ ግን 290 ብር ይሆናል፤ አንድ በአንድ ብትልክ ይሻላት ነበር። ድንበሩ 29 ላይ ነው። ከዚያ በታች ከሸጠች መጋዘኑ አክስሯታል።

ይህ የሚነግረን ግልጽ ነው፦ ወደ ገዢው የሚጠጋው በፍጥነት የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ነው። ሳይዙና ቀለሙ የሚመርጥ፣ በወር አንዴ የሚጠየቅ ዕቃ አዲስ አበባ ይቀመጥ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ መጋዘን ውስጥ የተኛ ዕቃ የተኛ ካፒታል ነው፤ ያው ዕቃ ተሸጦ ሲተካ በሌላ ዋጋ ነው የሚገዛው።

ቤት ለቤት ሳይሆን የገበያ ቀን

አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ስሟ ራሱ የገበያ ቀን ነው። ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። በገጠር ቀበሌ ያለ ገዢ የቤት ቁጥር የለውም፣ ሞተር ሳይክልም በሁሉም ቦታ አይገባም። ፖስታ ቤታችን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ደብዳቤያችን ግን ዛሬም የሚገባው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ ቤታችን አይደለም። ያ ገዢ ግን በሳምንት አንድ ቀን እህል ሊሸጥ፣ ጨው ሊገዛ ከተማ ይመጣል።

ስለዚህ ጥሩ አጋር «በ24 ሰዓት እናደርሳለን» የሚለው አይደለም። የገበያውን ቀን አውቆ ዕቃውን በዋዜማው ከተማ የሚያስገባው ነው። ገዢው መጥቶ ያያል፣ ይለካል፣ ይከፍላል ወይም ይመልሳል። ገበያ መሃል ያለች የታመነች ሱቅ፣ አንድ መደርደሪያና አንድ መዝገብ ይበቃታል።

አጋር ከመምረጣችሁ በፊት

1. ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ማነው የሚከፍለው? በስንት ቀን? ይሄ በጽሑፍ ይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራና ስለ መጋዘን ውል ደንግጓል፤ ክርክር ሲመጣ ግን ወረቀት ያለው ነው የሚሰማው።

2. ዕቃው ሲገባም ሲወጣም በሁለት ፊርማ ይመዘገባል? በየሳምንቱ ቆጠራ አለ? «እምነት አለን» መልስ አይደለም።

3. መጋዘኑን ሄዳችሁ እዩት። ወለሉ ላይ ጣውላ ወይም ፓሌት አለ? ክረምት ላይ ያፈሳል? አይጥስ? ከእናንተ ልብስ አጠገብ ማዳበሪያ ወይም ጋዝ ተቀምጧል?

4. ኔት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል? በክልሉ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስቶኩን ቴሌግራም ላይ ብቻ የያዘ ሰው ያኔ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ማወቅ ይቸግረዋል። የወረቀት መዝገብ ይኑር፤ ክፍያም ያለ ዳታ በ*127# ይቻላል።

5. የገዢውን ብር ማን ይቀበላል? አጋራችሁ ከተቀበለ በየስንት ቀኑ ያስረክባል? ብዙ ሽርክና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቦታ አታድርጉ

ከባዱን ነገር አንዝለለው። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ለቀናት በጦርነቱ ውስጥ ስትወድቅ ሆስፒታሏ ሳይቀር መዘረፉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት «መንገድ ተዘግቷል» የሚለው ዜና የተለመደ ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የገባ ዕቃ ይሸጣል፣ መንገድ ላይ ያለው ግን ይቆማል። ግርግር ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የገባው ዕቃ ነው ለአደጋ የሚጋለጠው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መመሪያው ግን ቀላል ነው፦ ብትከስሩት የማትወድቁበትን ያህል ብቻ አስጠጉ፣ የተቀረው ሌላ ከተማ ይሁን።

ክረምትም እንደዚሁ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ እህል ለወረዳ መጋዘን ከዝናብ በፊት ቢገባ እንደሚሻል አካባቢው ያውቀዋል። የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ደብተርና ጫማ የሚሸጥ ሰውም ለመስከረም ገበያ በሐምሌ ጭቃ ሳይሆን በግንቦት ያስብ።

መኪናው ባዶውን አይመለስ

እስካሁን ያወራነው ከአዲስ አበባ ስለሚመጣው ነው። ያው መጋዘን በሌላ በኩልም መሥራት አለበት። የጉና አካባቢ ገብስ በሶ ሆኖ፣ ማር ታሽጎ አዲስ አበባ ላለ ገዢ በኦንላይን ሊሸጥ ይችላል። ጫማ ይዞ የገባው መኪና ሲመለስ በሶና ማር ከጫነ የደርሶ መልስ ወጪው ለሁለት ይካፈላል፤ መደርደሪያውን የያዘው የነፋስ መውጫ ወይም የደብረ ታቦር ወጣትም ከሁለቱም በኩል ያገኛል። ለአካባቢው ልጆች ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ይመስለናል። ለመነሻ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ደረቅ ክፍል፣ የማይዋሽ መዝገብና ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።

ሻጮች፣ የሚቀጥለውን ፖስት ስትለቁ «ክፍለ ሀገር እንልካለን» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ ዕቃው የትኛው ከተማ ድረስ እንደሚመጣ፣ በስንት ቀን፣ ከጠፋ ማን እንደሚከፍል። ገዢዎችም ብር ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃው ጥሩ ቢሆን እንኳ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገና አልተዘጋጀም።