ኮልድ ፕረስ ስለተባለ ብቻ ጥሩ ዘይት አይሆንም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ኑግ ዘይት ነው። "ዶክተር፣ ሳይቆላ የተጨመቀው ለልጆቼ ይሻላል?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ ኑጉስ ምን ዓይነት ነበር?

ኑግ ከክብደቱ ከ30 በመቶ በላይ ዘይት አለው። ያለ ሙቀት ሲጨመቅ ግን የተወሰነው ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ገዢውም ጨማቂውም "ከኩንታሉ ስንት ሊትር ወጣ?" ከማለት አያልፍም። ሊትሩን ለማብዛት ኑጉ በኃይል ይቆላል፤ ትርፉን ለማብዛት ደግሞ የቆየና እርጥበት የነካው ኑግ በርካሽ ይገዛል። ተሳስተናል የምለው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የተበጠረና የደረቀ ኑግ (እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው) ዘይቱን በደንብ ይሰጣል፣ ዝቃጩም ያንሳል። እርጥብ ኑግ ግን ይሻግታል።

ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። የፋብሪካ ማጣሪያ አብዛኛውን ያስወግደዋል። ሰፈር የተጨመቀ ዘይት ግን ጨርቅ ላይ ቢያልፍ ነው፤ መጥበስም መርዙን አያጠፋውም።

ከዘይቱ ይልቅ ብዙ መርዝ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ፋጉሎውን ማን ይበላዋል? ላሟ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ በከብት መኖው በኩል ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱን ማፍላት አያድንም። ዘይቱን "ለልጄ" ብላ የገዛች እናት፣ የዚያው የሻገተ ኑግ መርዝ በወተት ብርጭቆ ተመልሶ ሊመጣባት ይችላል።

ኑግ አትብሉ እያልኩ አይደለም። ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ለልብ የሚሻል ስብ አለው፣ እኔም ቤት አለ። ግን ለጥሩ ኑግ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ከመጨመቁ በፊት ፍሬውን እዩት፣ አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ተመለሱ። ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ግዙ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት። ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ "የኑግ ጠባዩ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ተበላሽቷል።

እናንተ ሰፈር ያለው ጨማቂ ኑጉን አበጥሮ ነው የሚጨምቀው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።