አንዱን ፍቀን አሥራ አንድ አበቀልን

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ያገሬ ሰው። ባለፈው ክረምት ግን የቸኮልኩት እኔ ሆኜ ሳለ አፍስሳ የለቀመችው እህቴ ነች። ውድ አንባቢያን፣ ይህችን አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል፤ የክፍል ጓደኞቼም ስቀውብኛል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እታለም (ታላቅ እህቴን የምጠራት እንዲህ ነው) ዱባይ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከምግቡ፣ ከልብሱና ከልጆቹ ሌላ በእጇ ያለ አንድ ሥራ አለ፤ ሳሎን ውስጥ የቆመ የጨው ውሃ አኳሪየም። እኛ በየሆቴሉ የምናየው፣ ቀያይ ዓሦች የሚዋኙበት ዓይነት አይደለም። የባሕር ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች፣ በመሀላቸው ዓሦች አሉበት። «ባባ» የምትለው አሠሪዋ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው ትላለች። የእሷ ድርሻ መስታወቱን መወልወል፣ ዓሦቹን መመገብና የተነነውን ውሃ መተካት ነው። የሚተካው ደግሞ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ውሃው ይተናል እንጂ ጨው አይተንም። ይህችን እንኳ ያወቀችው አንድ ቀን ጨዋማ ውሃ ጨምራ ከተቆጧት በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ በኢሞ ፎቶ ላከችልኝ። ከድንጋዩ ስንጥቅ የወጣች፣ ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ያላት፣ አናቷ ላይ እንደ ዘንባባ ቅጠል የተበተነች ትንሽ ነገር ትታያለች። አጠገቧ ያለው ኮራል ተኮማትሯል።

«ወንድሜ፣ አንተ ተማሪ አይደለህ? ይሄ ምን እንደሆነ እስቲ እይልኝ። ባባ ‹ነገ እንዳላየው› ብሏል።»

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ስሟ አይፕቴዥያ ይባላል፤ የአኔሞኒ ዘር ነች። አኔሞኒ አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ይህችኛዋ ከባሕር በመጣ ድንጋይ ወይም ኮራል ላይ ተለጥፋ ሳትጋበዝ ትገባለች፤ በሚናደፉ ክሮቿም ጎረቤቶቿን ትጎዳለች። እዚህ ድረስ አነበብኩና በቃኝ። ሁለተኛውን አንቀጽ አላየሁትም። ከዚያማ እንደ ትልቅ ባለሙያ፦

«እታለም፣ ቀላል ነው። በቢላ ፍቀሽ አውጪውና ጣይው» አልኳት።

ፋቀችው። «ተገላገልኩ፣ ተባረክ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስልኬ ጠራ። እያለቀሰች ነበር። አንዷ አሥራ አንድ ሆናለች። ቆጥራቸዋለች። ሁለቱ ባባ አምና ያስገባው ኮራል ሥር በቅለው ኮራሉ ግማሽ ጎኑ ነጥቷል። «ማን ፋቂው አለሽ?» ብሎ ጮኸባት። እሷ የኔን ስም አልጠራችም።

ያልተነበበው ሁለተኛ አንቀጽ ምን ይል ኖሯል? ሁለት ማታ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አነበብኩት። አይፕቴዥያ ከተባዕትና ከእንስት ከመራባት ሌላ ከእግሯ ቁራጭ ትራባለች። ድንጋዩን ስትለቅ ወይም ስትቆረጥ ከመሠረቷ ላይ የቀረ ትንሽ ሥጋ ራሱን ችሎ ሌላ አኔሞኒ ይሆናል። ስትነካም በቅጽበት ወደ ስንጥቋ ትሸሸጋለች፤ ስለዚህ ቢላው የሚያገኘው አናቷን ነው፣ ሥሯ እዚያው ይቀራል። እኔ «ፍቂው» ስል፣ ሳላውቀው «ዝሪው» ማለቴ ነበር።

መፍትሔው ከዚያው ቤት ወጣ። ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ለካልሲየም የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ስሙ አስፈራኝ እንጂ ሳነበው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ እኛ ኖራ የምንለው ነው! ዱቄቱ በጥቂት ውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት ይበጠበጣል፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች ይጠፋሉ፤ አኔሞኒዋ እንደተዘረጋች በስሪንጅ ቀስ ተብሎ አፏ ላይ ይፈስሳል። ኖራ የሚያቃጥል ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል። ብዙ በአንዴ ከተጨመረ ደግሞ የውሃውን ኬሚካዊ ሚዛን አናግቶ ዓሦቹን ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በድምፅ ቀርጬ ላክሁላት። ባባ በበኩሉ ፔፐርሚንት የሚባለውን አይፕቴዥያ የሚበላ ሽሪምፕ ገዝቶ አስገባ። እሱም ቢሆን ሁሉም አይበላም፤ የሚበላውም ትንንሾቹን ይመርጣል። ከዚህ ሌላ ቤርጊያ የምትባል ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ አለች። ከአይፕቴዥያ በቀር ሌላ ምግብ አታውቅም፤ ገንዳው ሲጸዳ ራሷ በረሃብ ታልቃለች። ዓሦቹን ከልክ በላይ አለመመገብም ይረዳል፤ የተረፈው ምግብ የአይፕቴዥያ ቀለብ ነውና።

እስከ መስከረም አብዛኞቹ ጠፉ። አንድ ሁለት አሁንም ብቅ ይላሉ፤ እታለም እንደታዩ በስሪንጇ ትቀበላቸዋለች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በኋላ ስጠይቃት ግን ከነሐሴ ደመወዟ ላይ 200 ድርሃም እንደተቆረጠ ነገረችኝ። «ምንም አይደል፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። ይህ «ምንም አይደል» እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ከገንዘቡም የባሰ ነገር ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ስትደውል አፌ ላይ የመጣልኝ ምክር «ድንጋዩን አውጥተሽ አፍልተሽ እጠቢው» የሚል ነበር። ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁት መጀመሪያው ስህተት ስላስደነገጠኝ ብቻ ነው። በኋላ ሳነብ ምን አገኘሁ? በእንደዚህ ያለ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች ይበቅላሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲፈላ ወይም በብርቱ ሲፈተግ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ወደ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሽየር ውስጥ አንድ ቤተሰብ የአኳሪየሙን ኮራል ሲያጸዳ በዚሁ መርዝ ታምሞ ሆስፒታል ገብቷል። እህቴን በአንዲት አረፍተ ነገር ወደዚያ ልልካት ነበር።

እንግዲህ ወደ አስተያየቴ ልምጣ። እኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነን። «መረጃን ከአንድ ምንጭ አትቀበል፣ አጣራ» የሚለውን በፈተና ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። እኔም አግኝቻለሁ። ግን ማጣራት ለትልቅ ዜና፣ ለሚኒስትርና ለስብሰባ ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል። ለእህትህ የምትነግራት ነገር ግን ከዜና ይበልጣል፤ ወዲያው በእጇ ትሠራዋለችና። አንባቢ ጋዜጣውን አጥፎ ሊያስቀምጠው ይችላል። እሷ ቢላ አነሳች።

ሁለተኛው ነገር «ነቅሎ መጣል» የሚባለው ልማዳችን ነው። እምቦጭን እናስታውስ። ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ኖሯል። ገበሬው በደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲያወጣው አይተናል፤ ያንን ድካም የሚያቃልል ሰው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን እምቦጭም ከተቆረጠ ግንዱ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ ያፋፋዋል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ስንት ሰው እንደዘመተና ስንት ሄክታር እንደተነሳ ነው። የተነሳው የት ተከመረ? ዝናብ መልሶ አልወሰደውም? በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ምን በቀለ? ይህን የማይጠይቅ ጋዜጠኛ በኔ ቢላ እየፋቀ ነው።

«ታዲያ ለእምቦጭ እንጂ ለአረብ ሀብታም አኳሪየም ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። ክፍል ውስጥም ይህንኑ ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ገንዳው የእሱ ነው፣ እጁ ግን የእህታችን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ብዙ ናቸው። በየቀኑ የሚይዙት የጽዳት ኬሚካል፣ የሚያበሩት ማሽን፣ የሚሰጡት መድኃኒት ላይ የተጻፈው በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፤ ዕውቀቱን ግን ቀድሞ የሰጣቸው የለም። ባባን ለብቻው አልወቅስም። ሥራውን አዘዘ፣ እንዴት እንደሚሠራ አልነገረም፣ ሲበላሽ ቆረጠ። እኔስ? የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ከኔ ግን ማንም ምንም አልቆረጠም።

እዚህ ላይ ስለ አይፕቴዥያም አንድ እውነት ልናገር። በኛ ዘንድ ነቀርሳ ተደርጋ ብትታይም በባሕር ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ሳይንቲስቶችም በየቤተ ሙከራው ሆን ብለው ያሳድጓታል። እንደ ኮራል ሁሉ በገላዋ ውስጥ ትንንሽ አልጌዎች አብረዋት ይኖራሉ፤ ቶሎ ስለምትራባም ባሕር ሲሞቅ ኮራሎች ለምን እንደሚነጡ ለማጥናት ትመቻለች። የዘረመሏ ሙሉ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አየን? እህቴን ያስለቀሰው ባሕርይዋ ለተመራማሪው ሀብት ነው። ስለ አንድ ነገር «አጥፉት» ከማለታችን በፊት እንዴት እንደሚኖር መጠየቅ የሚገባን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የፊቸር ጽሑፍ ኮርስ ስንወስድ ሁሌም ስለ ታዋቂ ሰው እንጽፋለን። ከሚሰጡን የቤት ሥራዎች አንዱ እንኳ በውጭ አገር በሰው ቤት ለምትሠራ አንዲት ሴት የሚጠቅም፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በባለሙያ የተጣራ የሥራ መመሪያ ይሁን። በረኪናና አሲድ ለምን አይደባለቁም? ጋዝ ሲሸት ምን ይደረጋል? ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ድምፁን ቀርጸን በስልክ እንልካለን፤ ማንበብ የማትችለውም ታዳምጠዋለች። መምህራኖቻችን ያርሙት፤ ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ጋርም እንመካከር፤ ግቢያችን አንድ ነው።

የመጀመሪያውን እኔ ጽፌዋለሁ። ርእሱ «አይፕቴዥያን አትፋቂ» ይላል። ለእታለም አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይሄን ሐምሌ ላይ ብትልክልኝ ኖሮ» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ቀጥላም «በል አሁን ለጓደኞቼም ላከው፣ እዚህ ፎቅ ላይ ሌላም አኳሪየም አለ» ብላ ዘጋችው።

ልኬዋለሁ። ከመላኬ በፊት ሁለተኛውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።