የስሜት መለዋወጥ ተባለ!

የድብርት ክኒን ሁሉ ይጣል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ብዙ ሰው በእሱ ቆሟል። ጠቤ ከሻጮቹ ጋር ነው። የፓሮክሴቲን አምራች በ275 ወጣቶች ላይ ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም፣ ክኒኑ ፈዋሽ ነው፣ ልጆቹም በደህና ይቋቋሙታል ተባለ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መዝገብ ገልጠው ቢመረምሩት፣ ክኒኑ መድኃኒት ከሌለበት እንክብል እንዳልተሻለ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራም በዋጡት ልጆች ላይ በዝቶ እንደታየ ደረሱበት። ይህ ጉድ በመዝገቡ ላይ “የስሜት መለዋወጥ” የሚል ለስላሳ ስም ተሰጥቶት ነበር!

የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 ማስጠንቀቂያው በጥቁር ሣጥን ውስጥ እንዲጻፍ እስኪያዝ ድረስ፣ ክኒኑን በእጇ የሰጠች እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጇን ነቅታ እንድትጠብቅ፣ ሐኪም ሳታማክርም በድንገት እንዳታስቆመው ማን ነገራት? ሐኪሙስ ቢሆን የተነገረው “ፈዋሽ ነው” ተብሎ አይደል?