ከገበያ ወጥቶ ወዲያው መመለስ

በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኘው አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። እንዲህ ባለ ሳምንታዊ ገበያ ዋጋ ማለዳ ይከፈታል፤ ረፋዱ ላይ ከሩቅ የመጣው ሰው ሲበዛ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ወደ ማታ ገበያተኛው ወደየቀዬው ሲያቀና ይዘጋል። በዚያ ቀን ገዝቶ የከሰረ ነጋዴ ዕድሉን እንደገና ለመሞከር ቢሻ የሚመጣውን አርብ ይጠብቃል። ይህ የሰባት ቀን ዕረፍት በማንም አዋጅ የተደነገገ አይደለም፤ ነገር ግን ስንቱን ነጋዴ ከራሱ እልህ እንዳዳነ የሚቆጥር ቢገኝ ቁጥሩ ቀላል ባልሆነ ነበር።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም አማካይነት የሚካሄደው ግብይት ግን አርብ የለውም። ፕሮግራሙ የተሰጠውን ደንብ ይዞ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይመለከታል፤ ደንቡ «ግዛ» ካለው ይገዛል፣ «ሽጥ» ካለው ይሸጣል። ጊዜውንም በየክፍሉ ከፋፍሎ ይይዛል። አንዱ ክፍል የአንድ ደቂቃ፣ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ቀን ሊሆን ይችላል። የዚህ ሥራ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ክፍል ባር ይሉታል። ባር ማለት በዚያ ጊዜ ውስጥ የታዩትን አራት ዋጋዎች፣ ይኸውም መክፈቻውን፣ ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና መዝጊያውን አንድ ላይ የያዘ መዝገብ ነው። በዚህ አነጋገር እያንዳንዱ አርብ አንድ ባር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ለንግዱ ማኅበረሰብ ሊነገር የሚገባው ጥያቄ እነሆ ይህ ነው፤ አንድ ፕሮግራም በአንድ ባር ውስጥ ገብቶ፣ ከስሮ ከወጣ በኋላ፣ ያው ባር ሳይዘጋ እንደገና እንዲገባ ሊፈቀድለት ይገባልን?

ነገሩን በጤፍ መመልከት ይቻላል። አንድ ባለሀብት ወኪሉን ወደ ገበያ ሲልክ «ኩንታሉ ከ12,000 ብር በታች ሲወርድ 10 ኩንታል ግዛ፤ ከገዛህበት ዋጋ 200 ብር ከቀነሰ ግን ሽጠህ ውጣ» ብሎ አዘዘው እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። ወኪሉ ገዛ፤ ዋጋው ወረደ፤ ሸጦም ወጣ። በኩንታል 200 ብር ሲታሰብ 2,000 ብር ጎደለ፤ የተሸካሚና የደላላ ክፍያ በኩንታል 30 ብር ቢሆን 300 ብር ይጨመራል። ባለሀብቱ በልቡ «ለዛሬ ከ2,300 ብር በላይ አልከስርም» ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን ዋጋው አሁን 11,800 ብር ነው፤ ይኸውም ከ12,000 በታች ነው። የመግዣው ደንብ እንደ ጸና ነው። የኪሳራው ገደብ ወኪሉን ከገበያ ባስወጣበት ቅጽበት የመግዣው ደንብ መልሶ ይጠራዋል ማለት ነው።

ሰው የሆነ ወኪል ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል አይፈጽመውም። «ጋሼ፣ ዛሬ ገበያው አልተመቸንም፤ ለሚመጣው አርብ ይቆየን» ብሎ ወደ ጌታው ይልካል። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታም ማስተዋልም የለውም። ዋጋው ደረጃ በደረጃ ወደ 11,000 ብር እስኪወርድ ድረስ አምስት ጊዜ ገብቶ አምስት ጊዜ ይወጣል፤ ኪሳራውም 11,500 ብር ይደርሳል። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ባለሀብቱ ምንም የኪሳራ ገደብ ሳያኖር መጀመሪያ የገዛውን 10 ኩንታል ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ፣ የሚጎድልበት 10,300 ብር ብቻ ነበር። ለጥንቃቄ የተቀመጠው ገደብ፣ መመለስን የሚከለክል ሌላ ደንብ ስላልታከለበት፣ ያለ ጥንቃቄ ከመቀመጥ የባሰ ጉዳት አመጣ። የተጠቀሙት ተሸካሚውና ደላላው ናቸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ነገር የተረት ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል፣ በአሜሪካ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ፕሮግራም ሥራ ላይ ሊያውል ተነሣ። አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው በአንደኛው ላይ ሳይጫን ቀረ። በዚያ ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ የፈታ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር፤ በዚያን ዕለት ጧት ነቃ። አሮጌው ኮድ አንድን ትልቅ ትእዛዝ እየቆራረጠ ወደ ገበያ የሚልክ ነበር። ትእዛዙ ሲሞላ «በቃ» የሚለው ቆጣሪ ግን በ2005 ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ተዛውሮ ነበር። ስለዚህ ኮዱ ገዝቶ መጨረሱን አያውቅም፤ ደግሞ ይገዛል፤ ደግሞም ይገዛል። ከደንበኞች የመጡት ትእዛዞች 212 ብቻ ሲሆኑ፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ዓይነት አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ። ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2013 የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ ኮምፒዩተር ስሕተት እንዳለ የሚያመለክቱ 97 የኢሜይል መልእክቶችን ለሠራተኞች ልኮ እንደነበር በምርመራው ተገልጧል። ያነበበው ሰው አልነበረም፤ ወይም ያነበበ ቢኖር ከቁም ነገር አልቈጠረውም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2010፣ የአሜሪካ ገበያ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲንኮታኮት፣ በፍጥነት የሚገበያዩት ፕሮግራሞች በ14 ሰከንድ ውስጥ ከ27,000 በላይ የወደፊት ውሎችን ተለዋውጠው ነበር። ይህን ሁሉ ገዝተውና ሸጠው በእጃቸው የቀረው ግዢ ግን ወደ 200 ውል ያህል ብቻ ነበር። አንዱ ለሌላው እየሸጠ፣ የሸጠው ደግሞ ወዲያው እየገዛ፣ እንደ ፍም ከእጅ ወደ እጅ ሲወራወሩት ቆዩ ማለት ነው። ያን ጊዜ በቺካጎ የሚገኘው ገበያ የራሱ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ግብይቱን ለ5 ሰከንድ አቆመው። ከዚያ በኋላ ዋጋው መውረዱን ትቶ መመለስ ጀመረ። አርብ ገበያ በሰባት ቀን የምትሰጠውን ዕረፍት ኮምፒዩተሮቹ በአምስት ሰከንድ አገኙት፤ ጠቀማቸውም።

ይህ ነገር ኢትዮጵያን አይመለከትም የሚል ነጋዴ ሊኖር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ የሚፈጸመው ፊት ለፊት በጩኸትና በእጅ ምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የኤሌክትሮኒክ ግብይት ጀመረ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። የቡና ላኪውም ቢሆን ከውጭ ገዢ ጋር የሚዋዋለው ኮምፒዩተሮች የሚገበያዩበትን የኒውዮርክን ዋጋ እያየ ነው። ሰው በመስኮት ፊት ተቀምጦ የሚጫንበት ቁልፍ ዛሬ ካለ፣ ነገ ቁልፉን የሚጫነው ፕሮግራም መሆኑ አይቀርም፤ ደንቡን ከአደጋው በፊት ማበጀት ደግሞ ከአደጋው በኋላ ከማበጀት ይረክሳል።

ባለሱቁም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ዕቃ ከተወሰነ መጠን በታች ሲጎድል በራሱ ትእዛዝ የሚልክ የመጋዘን ፕሮግራም የገዛ ነጋዴ፣ ያው የናይት ካፒታል ችግር በደጁ ቆሟል። መጋዘኑ ውስጥ 20 ካርቶን ሳሙና ቀርቷል፤ ፕሮግራሙ 100 ካርቶን አዘዘ፤ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ነው። በማግሥቱ ፕሮግራሙ መጋዘኑን ሲያይ አሁንም 20 ነው፤ ስለዚህ ሌላ 100 ያዝዛል። በመንገድ ያለውን የማይቆጥር ፕሮግራም ባለቤቱን በሳሙና ክምር ውስጥ ይቀብረዋል።

መድኃኒቱ ለመናገር ቀላል ነው። ፕሮግራሙ በገባ ቁጥር የገባበት ባር የተከፈተበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ እንደገና ሊገባ ሲል አሁን ያለው ባር የተከፈተበትን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፤ አንድ ከሆኑ አይገባም። ይህን ለመጻፍ ለአንድ ባለሙያ ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ነው።

ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚፈትሹት «አሁን በእጅ ያለ ግዢ አለን?» የሚለውን ብቻ ነው። ይህ አይበቃም፤ ገብቶ የወጣ ፕሮግራም በእጁ ምንም የለውምና፣ ፈተናውን አልፎ ይገባል። መታየት ያለበት የተዘጋውም ግብይት ጭምር ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መዝገቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። መዝገቡ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ትውስታ ብቻ ከተያዘ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉም ይረሳል፤ ፕሮግራሙም ዛሬ እንደ ተወለደ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር የራሱን ትውስታ ሳይሆን የአገበያዩን የግብይት ታሪክ ጠይቆ እንዲጀምር ማድረግ ያስፈልጋል። ትእዛዝ ተልኮ መልሱ ሳይመጣ ባለበት ጊዜም እንደ ገባ መቈጠር አለበት፤ ካልሆነ ኢንተርኔቱ በዘገየ ቁጥር ያው ትእዛዝ ይደገማል።

የባሩ ድንበርም የራሱ ወጥመድ አለው። ባሩ የአንድ ሰዓት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሰዓቱ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ገብቶ ቢወጣ፣ አዲሱ ባር እንደ ተከፈተ ደንቡን ሳይጥስ እንደገና ሊገባ ይችላል። ሐሙስ ማታ በማደሪያው ገዝቶ አርብ ማለዳ ገበያ ውስጥ ደግሞ የሚገዛ ነጋዴ «በየገበያው አንድ ጊዜ» ብሎ ሊምል ቢችልም፣ የጠበቀው ግን አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። ስለሆነም ከባሩ ደንብ ጋር፣ ከወጣ በኋላ ይህን ያህል ደቂቃ ሳያልፍ አይገባም የሚል የጊዜ ልክ አብሮ መቀመጥ ይገባዋል። መውጣትን የሚከለክል ደንብ ግን ከቶ ሊኖር አይገባም፤ በሩ ለመግባት እንጂ ለመውጣት መዘጋት የለበትም።

በተቃራኒው የሚነገረውን አለመስማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዋጋ ለቅጽበት ወርዶ፣ ደካሞችን አስወጥቶ፣ ወዲያው የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ አንዴ ብቻ የሚገባው ፕሮግራም ትርፉ ያመልጠዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደጋግሞ መግባት ያተርፋል ተብሎ የሚቀርበው ማስረጃ ዘወትር ከቆየ የዋጋ መዝገብ ላይ የተሠራ ሙከራ ነው፤ ይህም መዝገብ ብዙውን ጊዜ አራቱን ዋጋዎች ብቻ ነው የሚይዘው። ባለፈው አርብ ጤፍ በ12,000 ተከፍቶ፣ ከፍተኛው 12,400፣ ዝቅተኛው 11,600፣ መዝጊያው 12,100 ነበር ቢባል፣ ቀድሞ የወጣው ነው ወይስ ቀድሞ የወረደው? አራቱ ቁጥሮች አይናገሩም። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ገብቶ መውጣት ይቻል እንደነበረ ከእነርሱ የሚያሰላ ሰው ያልነበረበትን ገበያ እየተረከ ነው። የእያንዳንዱን ግብይት ዋጋ በቅደም ተከተል የያዘ መዝገብ የሌለው ሻጭ፣ ደጋግሞ መግባት አተረፈ ብሎ የሚያሳየው ሰንጠረዥ በገዢው ዘንድ ሚዛን ሊደፋ አይገባውም።

በአንድ ባር ስንት ጊዜ ይገባ የሚለውን የሚወስነውም የኮዱ ጸሐፊ ሳይሆን የገንዘቡ ባለቤት ሊሆን ይገባል። ቁጥሩ አንድ ይሁን ሁለት፣ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ክፍያውም ሳይጠናቀቅ ፕሮግራሙ በባለቤቱ ፊት ይፈተን፤ በሙከራ ሒሳብ ገብቶ ሲወጣ ይጠበቅ፤ ባሩ ሳይዘጋ የኮምፒዩተሩ ሽቦ ከግድግዳው ይነቀል፤ ተመልሶ ይሰካ፤ ፕሮግራሙም ይነሣ። ያው ባር ሳይዘጋ ደግሞ ከገባ፣ ሻጩ ሥራውን አልጨረሰምና የቀረው ክፍያ ይያዝበት።